አራት ሜትር ከሃያ

ሐምሌ 5 ቀን 2017፣ ቡታጅራ

ከመጣሁ አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ። ይህን ደብተር የገዛሁት የልኬት ቁጥር ልይዝበት ነበር። የተቀጠርኩበት ቢሮ የራሱን ሰጠኝና ይኸኛው ትርፍ ሆነ። ትርፍ ደብተር ያለው ሰው ስለ ራሱ መጻፍ ይጀምራል መሰለኝ።

ስለ ከተማው። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፣ የቀረው ጭቃ። ባጃጁ ከሰው ይበዛል። ጠዋት ደመናው ከተገለጠ ዘቢዳር ተራራ ይታያል፣ ከሰዓት በኋላ አይታይም። ሰው ሲተዋወቀኝ ከስሜ በፊት የምጠየቀው አገሬን ነው። ደብረ ታቦር ስል «ኧረ ሩቅ ነው!» ብለው ያዝኑልኛል። እኔ ደግሞ የወደድኩት ሩቅነቱን ነው። ደብረ ታቦር አሥር እርምጃ ከሄድኩ አንዷ አክስቴ ታቆመኝና ለምን እንደከሳሁ፣ ለምን እንዳላገባሁ ትጠይቀኛለች። እዚህ የሚያቆመኝ ሰው የለም። ሆቴል አድራለሁ፣ ሆቴል እበላለሁ። ይመቻል።

ሐምሌ 9

ቤት አገኘሁ። አከራዬ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ይባላሉ፣ ስድሳውን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት። እሳቸው የሚኖሩበት ቤት ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቷል፣ ጓሮ ሁለት የኪራይ ክፍሎች አሉ። በአንዱ ግሩም የሚባል የፊዚክስ መምህር ይኖራል፣ የአገና ከተማ ልጅ። ሁለተኛውን እኔ ገባሁበት።

ከመግባቴ በፊት ደጃፉ ላይ አቁመው መረመሩኝ።

«ትጠጣለህ?»

«አልፎ አልፎ።»

«ሚስት?»

«የለኝም።»

«ሥራህስ?»

«ቀያሽ ነኝ። መሬት እለካለሁ።»

«እሱማ መሬት ነው እንጂ ሰማይ አትለካ» አሉና ቁልፉን ሰጡኝ። ስሜ ገብረእግዚአብሔር ነው ስላቸው «ገብሬ ይበቃል» አሉኝ።

ሐምሌ 12

ዝናብ። ጫማዬ ሁለተኛ ቀኑን አልደረቀም። ከፊቴ የምትቀመጠው ናጃህ፣ የቢሮው ፕላን ነዳፊ፣ «ቦት ግዛ፣ ይህ ክረምት ገና ምኑም አልተነካ» አለችኝ። ገዛሁ። እግር ያማል።

ሐምሌ 15

ኃላፊዬ አቶ አብዱልሃፊዝ ጠሩኝና በሩን ዘጉ። መንገዱ ሊሰፋ ነው። በሁለቱም ወገን የሚነኩትን ቤቶች ለይቼ፣ ልኬቱን አረጋግጬ፣ ቀኑ ሲደርስ በየበሩ ቀለም የማስቀባው እኔ ነኝ።

«ለምን ላንተ እንደሰጠሁህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ስላለኝ ልምድ ይሆናል።»

«ልምድማ ናጃህም አላት። እሷ ቀለም ይዛ ብትወጣ ግን ሦስተኛው ቤት የአጎቷ ነው፣ ሰባተኛው የአማቿ። አንተ እዚህ ከተማ ዘመድ የለህም። ላንተ ሁሉም ቤት እኩል ነው።»

ይፋ እስኪሆን ድረስ አንድ ቃል እንዳይወጣኝ አስጠነቀቁኝ፤ ደላላ እንዳይገባበት ነው። መቼ ይፋ እንደሚሆን ጠየቅኳቸው።

«መስቀል ሲያልፍ። እኔ እስላም ነኝ፣ ግን የዚህ አገር ልጅ ነኝ። መስቀል ሳያልፍ የሰው በር ላይ ቀለም አይቀባም።»

ተስማማሁ። እንዲያውም ዘመድ የለህም መባሉ እንደ ሙያ ማስረጃ ደስ አለኝ።

ሐምሌ 16

ፕላኑን ከፍቼ ዋልኩ። ስድሳ አንድ ቤት። ከአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ አራት ሜትር ከሃያ።

ቁጥር ሠላሳ ስምንት የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነው። ስህተት እንዳይሆን ሁለት ጊዜ ለካሁት። ግቢው ከፊት ለፊት ሜዳ አለው፣ እሱ ሙሉ በሙሉ ይሄዳል። ከቤቱም ሳሎኑ ይቆረጣል። ጓሮው አይነካም።

የእኔ ክፍል ጓሮ ነው።

ሐምሌ 24

እራት እንደማልበላ አከራዬ ደርሰውብኛል። ከአራት ቀን በፊት ሳህን ይዘው መጡ፣ ቆጮና ጎመን። «በመሥሪያ ቤት ሰው ላይ ረሃብ አያምርም» አሉ። ቆጮውን ሳኝክ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ጥሩ ነው አልኩ። «ውሸትህን ነው፤ በሦስተኛው ቀን እውነት ይሆናል» አሉኝ። በአራተኛው ቀን ነው የሆነው።

ግሩም ነገረኝ፤ እሱን እንዲህ አድርገው አብልተውት አያውቁም። «እኔ አገና እናት እንዳለኝ ያውቃሉ፣ አንተን ግን ማንም እንደሌለህ አድርገው ነው የያዙህ» አለ። እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመቷ መሆኑን አልነገርኩትም። ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም።

ሐምሌ 30

ችግር።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ሜዳው ላይ፣ ሱቅ ሊሠሩ ነው። ቆጮና ቅቤ ሊሸጡበት። ለመስቀል ልጃቸው ዳምጤ ከአዲስ አበባ ከነቤተሰቡ ሲመጣ ተሠርቶ እንዲያየው ይፈልጋሉ። ልጁ በየዓመቱ «እማዬ፣ ቤቱን ተይውና እኔ ጋ ነይ» ይላቸዋል። ሱቁ ለእሱ መልስ ነው።

«አንተ ደግሞ ለኪ ነህ፣ እግዜር ነው ያመጣህ። ቅዳሜ ለካልኝ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

ነሐሴ 3

ለካሁ። ሦስት በአራት። በራሴ ሜትር፣ በራሴ ችንካር፣ ሲባጎውን ወጥሬ። ማዕዘኑ ልክ ዘጠና ነው።

ያደረግሁትን ሙከራ ልመዝግብ፣ አልሞከርክም እንዳልባል። አንደኛ፣ ለምን ጓሮ አይሆንም አልኳቸው። «ሱቅ በጓሮ? ለዶሮዎቹ ልሽጥ?» አሉ። ሁለተኛ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል አልኳቸው። «በገዛ ደጄ ላይ? ጭቃና እንጨት ለማቆም?» አሉ። ሦስተኛ፣ ለምን መስቀል እስኪያልፍ አይጠብቁም አልኳቸው። ቀና አሉ። «መስቀል ካለፈማ ለማን ላሳየው?»

ሦስት ጊዜ ጠቆምኩ። የሚበቃ ይመስለኛል።

ነሐሴ 6

ቢሮ። ፋይል ቤቱ ውስጥ ሆኜ ሁለት ሰዎች ናጃህን ሲያናግሯት ሰማሁ።

«አዲሱ ልጅ የት ተከራየ?»

«ዘርፈሽዋል ጋ።»

 ከዚያ አንዱ «አይ ጉድ» አለ።

ምሳ ሰዓት ላይ ናጃህ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ነገርካቸው?» አለችኝ። መናገር ክልክል ነው አልኳት። «ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። እኔ የጠየቅኩህ ነገርካቸው ወይ ነው» አለች። እንጀራዬን በላሁ።

ነሐሴ 19

አሥራ ሦስት ቀን አልጻፍኩም፣ ታምሜ ነበር። ታይፎይድ ነው ተባለ። የምዘግበው ይኸን ነው፦ በቀን ሦስት ጊዜ አጥሚት። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሁለት ሌሊት ደጃፌ ላይ በርጩማ አድርገው ተቀምጠዋል፣ ግሩም ነው የነገረኝ። ሐኪም ቤት የወሰደኝን ባጃጅ ዝናብ ላይ ወጥተው ያስቆሙት እሳቸው ናቸው። ሸሚዞቼ ታጥበው፣ ተተኩሰው ወንበር ላይ ተደርድረዋል። አንደኛው ላይ የጎደለው ቁልፍ ተተክሏል።

በትኩሳቱ ጊዜ ምን እንዳወራሁ ጠየቅኳቸው። 

«ቁጥር» አሉኝ። «ሌላ ምንም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ምስኪን፣ እንቅልፍህ ውስጥም ሥራ።»

ምን እንደተሰማኝ ብጽፍ ይሻላል። ተነፈስኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። አውቀው ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር ባለቀ ነበር።

ነሐሴ 27

የሱቁ ግድግዳ ተመረገ። ቆርቆሮ ነገ።

ጳጉሜን 2

ሱቁ አልቋል። በሩ አረንጓዴ ነው። ቀለሙን እኔ ነኝ የቀባሁት፤ ሠራተኛው ቀረና «ገብሬ፣ እጅህ አይንቀጠቀጥም» አሉኝ። የቅቤ እቁባቸውም ደርሷቸዋል። እዚህ አገር ሴቶቹ ለመስቀል ብለው ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ያጠራቅማሉ፣ ተራ የደረሳት የሁሉንም ትወስዳለች። ግቢው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሸሚዜም እንደዚያው። ናጃህ አሽትታ ሳቀችብኝ።

ጳጉሜን 4

ለመንገር ዓረፍተ ነገር ስፈልግ አመሸሁ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር።» ይህ መጥፎ ነው፣ ሰው የሞተ ይመስላል።

«እትዬ፣ መንገዱ ምናልባት።» ምናልባት የለም።

«እትዬ፣ ከሐምሌ ጀምሮ አውቃለሁ።» እዚህ ላይ አቆምኩ። ችግሩ መንገዱ ሳይሆን «ከሐምሌ ጀምሮ» የሚለው ሆኗል። በየሳምንቱ ይረዝማል።

እኅቴ ወለተ ሐና ደወለች። ለአዲስ ዓመት ትመጣለህ ወይ አለችኝ። ሥራ አለ አልኳት። «ሰው ለመድክ?» አለች። ለመድኩ አልኳት። «ድምፅህ ወፍሯል፣ እየበላህ ነው» አለችና ሳቀች።

መስከረም 12

ከተማው ሌላ ሆኗል። አዲስ አበባ ያሉት ሁሉ እየገቡ ነው። መኪና በየደጁ፣ ፍራሽ በመኪና ጣሪያ ላይ፣ በግ በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለመስቀል የት ትገባለህ? ባለ ሱቁ፣ ጥበቃው፣ ባጃጅ ነጂው። መግቢያ የሌለው ሰው እንዳለ ማሰብ አይችሉም። እኔ ጋ ሲደርስ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ቀድመው መለሱልኝ። «ቤቱ እያለ የት ይገባል?»

አቶ አብዱልሃፊዝ ለበዓሉ እረፍት ሰጡኝ። ሲለዩኝ «ከበዓሉ ማግስት እንጀምራለን፣ ልብህን አዘጋጅ» አሉ። ልቤ ዝግጁ ነው አልኳቸው።

መስከረም 15

ታረደ። ዳምጤ መጥቷል፣ ትልቅ ሰውዬ፣ መርካቶ ጨርቅ ይነግዳል፣ ድምፁ ግቢውን ይሞላል። ሱቁን ዞር ዞር ብሎ አየና እናቱን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። «እሺ፣ ተሸነፍኩ። ከእንግዲህ አዲስ አበባ ነይ ካልኩሽ ምላሴን ቁረጪው።» ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ሥጋውን ስንከፋፍል ጠጋ አለኝ።

«ወንድሜ፣ አንተ የውስጥ ሰው ነህ። ይህ መንገድ ይሰፋል የሚባለው እውነት ነው እንዴ? አዲስ አበባ ድረስ ነው ወሬው።»

«ጥናት ላይ ነው» አልኩት።

ውሸት አይደለም። በደብዳቤዎቻችን ላይ «ጥናት» ነው የሚለው።

መስከረም 17

ይህን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ግሩም አገና ሄዷል። ማዕዱ ላይ የነበርነው እሳቸው፣ ዳምጤ፣ ሚስቱ፣ የሰባት ዓመት ልጃቸው ሀሴትና እኔ ነን። ክትፎው በጣባ በጣባ ቀረበ፣ ቆጮው ተቆርሶ ተቀመጠ። ማንም እጁን አልዘረጋም። እኔ ልዘረጋ ስል ሀሴት በክርኗ ነካችኝ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ተነሥተው ቆሙ። ይህን ድሮ ይሉ የነበሩት ሟቹ አባቱ እንደሆኑ ዳምጤ በጆሮዬ ነገረኝ። «ከመብላታችን በፊት የያዘ ይልቀቅ» አሉ። «ያስቀየመ፣ የደበቀ፣ የዋሸ። ይዞ የሚበላ በዚህ ቤት አይኖርም።»

በእኛም ቤት በበዓል ቀን እንዲህ ያለ ነገር ይባላል። አባቴ «በደል ካለ ይቅር ተባባሉ» ይላል፣ እኛ «የለም፣ የለም» እንላለን፣ ይበላል። እንደዚያ መስሎኝ ተዝናንቼ ተቀምጬ ነበር።

ዳምጤ ጀመረ። «እማዬ፣ በፍልሰታ ስትደውይ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ የዘጋሁብሽ ካርታ እየተጫወትኩ ነው።» ማንም አልሳቀም። «ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ፣ ሴት ልጅ ወልዳ ሳለ «ወንድ ቢሆን ጥሩ ነበር» የተባለችውን ሰባት ዓመት ይዛው እንደነበር ተናገረች። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ብያለሁ፣ አፌን ይቁረጠው» ብለው ተንበርክከው ጉልበቷን ሊይዙ ሲሉ ከለከለቻቸው። ሀሴት የአያቷን ፎቶ መስታወት ሰብራ አልጋ ሥር መደበቋን ተናገረች። ሄዳ አመጣችው።

ሥርዓት አልነበረም። የምራቸውን ነበር። ሁሉም ተናግረው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ገብሬ፣ አንተም የቤቱ ሰው ነህ። የያዝከው አለ?»

አራት ሰዎች ያዩኛል።  ጊዜው በቂ ነበር፤ አልተቻኮሉብኝም።

«የለም፣ እትዬ» አልኩ።

«እግዜር ይመስገን» አሉና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ አጎረሱኝ።

ክትፎው ጥሩ ነበር። ሁለት ጊዜ ተጨመረልኝ።

መስከረም 18

ነጥቦች። አንድ፣ የቢሮ ምስጢር ነው። ሁለት፣ ብናገር በዓሉን አበላሽ ነበር። ሦስት፣ እንግዳ ነኝ፣ ባህሉን አላውቅም።

ሦስተኛው ትናንት ጠዋት እውነት ነበር።

መስከረም 20

ይፋ ሆነ። የስም ዝርዝር በቢሮው ሰሌዳ ላይ። ዳምጤ ትናንት ተመልሷል። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ማንበብ አይችሉም፣ ሰሌዳውም ጋ አይሄዱም። አቶ አብዱልሃፊዝን የእኔን መስመር ለሌላ ሰው ይስጡልኝ አልኳቸው። ምክንያቱን ጠየቁኝ። ቁጥር ሠላሳ ስምንት አከራዬ ናቸው አልኩ።

 «ዘመድ የለህም ብዬ ነበር» አሉ። ቀጥለው፣ «አሁን ሌላ ሰው ብልክ ከመሸሽህ በቀር ምንም አይለወጥም። ሂድና ራስህ ንገራቸው» አሉኝ።

ማታ ልነግራቸው ወጣሁ። ሱቁ ውስጥ መብራት በርቷል፣ ሁለት ደንበኛ ነበራቸው። ተመለስኩ።

መስከረም 22

ከቁጥር አንድ እስከ ሠላሳ ሰባት እስከ ምሳ። ሦስት ስድብ፣ አንድ ልቅሶ፣ የቀሩት ዝም። ሠላሳ ስምንት ከምሳ በኋላ።

ሠራተኛው ቀለሙን ያዘ፣ እኔ ሜትሩን። ከአስፋልቱ ጠርዝ ለካሁ። አራት ሜትር ከሃያ የሱቁን አረንጓዴ በር አልፎ ሳሎኑ ውስጥ ገባ። ሠራተኛው በሩ ላይ ቀዩን ምልክት ሲቀባ እሳቸው እጃቸው ቆጮ እንደነካ ወጡ።

ነገርኳቸው። በቢሮ ቋንቋ ነው የነገርኳቸው፣ ሌላ አልመጣልኝም። ምትክ ቦታ እንዳለ፣ ካሳ እንዳለ፣ ቅጽ እንደሚሞላ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አሉኝ።

«ሐምሌ።»

«ሐምሌ ስንት?»

«አሥራ ስድስት።»

በሩን አዩት፣ እኔን አላዩኝም። «ቤቱ የመንግሥት ነገር ነው፣ አንተ አላመጣኸውም። ሱቁም ጭቃ ነው፣ ጭቃ ይፈርሳል። ለክተህ ሰጠኸኝ፣ እሱንም ልጅ ነው፣ ፈርቶ ነው እላለሁ። መስቀል ለት ግን ጠየቅኩህ። ልጆቼ ፊት ጠየቅኩህ። አንተም በላህ።»

«ሥርዓት መስሎኝ ነበር፣ እትዬ» አልኩ።

«ሥርዓት ነው» አሉና ገቡ።

ወደ ሠላሳ ዘጠኝ አለፍን። ልኬቱ ላይ ተሳሳትኩ፣ ሠራተኛው ነው ያረመኝ።

መስከረም 23

ከተማ ልቀይር አሰብኩ። ጉብሬ፣ ወልቂጤ፣ የትም። ሌላ ከተማ እንደ አዲስ መልመድ መቻሌን የማላውቅ ሰው ሆኛለሁ።

መስከረም 25

አላስወጡኝም። ሰላም እላለሁ፣ ሰላም ይሉኛል። ሳህን ይዘው አልመጡም።

ዛሬ ቅጹን ሊያስሞሉ ግሩምን ጠሩት። የእኔ መስኮት ክፍት ነበር፣ እነሱ ግቢው መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ይሰማል። ግሩም ያነባል፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ስም። ዕድሜ። የቤት ቁጥር። ቤቱ የተሠራበት ዘመን።

«በቤቱ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች» ብሎ አነበበ ግሩም።

«እኔ።»

«ሌላስ?»

 እኔ ወንበሬ ሲጥ እንዳይል ሳልንቀሳቀስ ተቀምጫለሁ።

«ሌላ የለም» አሉ።

ግሩም ጻፈ። ትክክል ነው፤ ተከራይ አይመዘገብም። ከቅጹ ግርጌ ይህንኑ የሚል ማስታወሻ በትንሹ ተጽፏል፣ ቅጹን ነሐሴ ላይ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።